ዓመቱ ከየትኛው ቀን ይቆጠራል? የስቴት ነዋሪነትና የኮሌጅ ክፍያ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

የዛሬው ሳምንታዊ የትምህርት ዝግጅታችን በአሜሪካ የመንግሥት ኮሌጆች ክፍያ ላይ ያተኩራል። ልጆቻችሁ ሃይስኩል ሊጨርሱ የተቃረቡ ወላጆች፣ ራሳችሁ ወደ ትምህርት ለመመለስ የምታስቡ፣ በቅርቡም በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ የገባችሁ ሁሉ ጆሯችሁን ስጡን። ወረቀትና እስክርቢቶ አጠገባችሁ ቢኖር አይከፋም። መኪና እየነዳችሁ ከሆነ ግን ተዉት፤ ዋና ዋናውን ደጋግመን እናነሳዋለን።

ጥያቄ እናስቀድም። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ከአንድ መምህር አንድ ዓይነት ኮርስ ይወስዳሉ። አንደኛዋ ለዓመቱ ትምህርት 11,600 ዶላር ገደማ ትከፍላለች፤ ሁለተኛዋ 30,800 ዶላር ገደማ። በ2024–25 የትምህርት ዘመን በአራት ዓመት የመንግሥት ኮሌጆች የነበረው አማካይ ክፍያ ይህንን ይመስል ነበር፤ የምግብና የመኝታ ወጪ ሳይጨመር ማለት ነው። ልዩነቱ በአራት ዓመት ሲደመር ከ75,000 ዶላር ይበልጣል። ታዲያ ሁለቱን ምን ለያቸው? ውጤታቸው ነው? ዜግነታቸው? አይደለም። አንደኛዋ የዚያ ስቴት ነዋሪ መሆኗን አስመስክራለች፣ ሌላዋ አላስመሰከረችም። «አስመስክራለች» የሚለውን ያዙልን፤ የዛሬው ወሬያችን በሙሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አገር ቤት ለተማረ ሰው ይህ ነገር መጀመሪያ ላይ ግር ማሰኘቱ አይቀርም። ኢትዮጵያ ውስጥ ተማሪን ዩኒቨርሲቲ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። የጎንደር ልጅ ጅማ ቢመደብ ከሌላ ክልል ስለመጣ ብቻ ተጨማሪ ክፈል አይባልም፤ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የወጪ መጋራትም ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። አሜሪካ ውስጥ ግን ከወታደራዊ አካዳሚዎቹና ከጥቂት ሌሎች በስተቀር የመንግሥት ኮሌጅ ማለት የስቴት ኮሌጅ ማለት ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሜሪላንድ ሕዝብ ነው፤ በጀቱን የሚያጸድቀውም አናፖሊስ የሚቀመጠው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለውን፣ የቨርጂኒያን ልጅ፣ እንደ እንግዳ ያያል። ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስንወርድ ደግሞ አጥሩ ይበልጥ ይጠብባል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሦስት ዓይነት ዋጋ አለው፤ አንዱ ለካውንቲው ነዋሪ፣ አንዱ ለቀረው የሜሪላንድ ሰው፣ አንዱ ከስቴቱ ውጭ ለመጣ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ጥቂት ማይል ተሻግሮ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ቤት የተከራየ ሰው በዚያ ኮሌጅ ዓይን ቦታው ተቀየረ ማለት ነው።

ስቴቶች ይህን ልዩነት የሚያስረዱት እኛ በደንብ በምናውቀው በዕቁብ ስሌት ነው። ኮሌጁ የቆመው ሰዎች ለዓመታት ባዋጡት ግብር ነው፤ ትናንት የመጣ ሰው ሳያዋጣ ዕጣው ይውጣልኝ ማለት የለበትም ይላሉ። ክርክሩ አዲስ አይደለም። የካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲው ከውጭ የመጣውን ተማሪ ለይቶ ማስከፈል ይችላል ብሎ የወሰነው በ1922 ነበር። የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሚኒሶታ አንድ ዓመት ጠብቁ ማለቷን አልተቃወሙም። ዛሬ ሜሪላንድም፣ ቨርጂኒያም፣ ካሊፎርኒያም ለዩኒቨርሲቲዎቻቸው ያንኑ የአንድ ዓመት ልክ ይጠቀማሉ።

እዚህ ላይ የአድማጮቻችን ተቃውሞ ይሰማናል። «እኛስ ከመጀመሪያው የደመወዝ ቼክ ጀምሮ የስቴት ግብር ይቆረጥብን የለም ወይ? ዕቃ በገዛን ቁጥር ሴልስ ታክስ አንከፍልም ወይ?» እውነት ነው፤ ተቃውሞው ተገቢ ነው። የዕቁቡ ስሌት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሕጉ አይቆምም ነበር። ለ20 ዓመት አንድ ስቴት ሠርቶ ግብር የከፈለ ሰው ወደ ሌላ ስቴት ቢዛወር ያዋጣው ተከትሎት አይሄድም፤ ከዓመት በፊት የገባና ብዙም ያልከፈለ ሰው ግን ሙሉ መብት ያገኛል። ስለዚህ የሚቆጠረው ያዋጣነው ገንዘብ አይደለም። ታዲያ ምንድነው? የሚቆጠረው ሐሳብ ነው። እዚህ ስቴት የመጣነው ኑሯችንን ለመመሥረት ነው ወይስ ለመማር ብቻ? ሕጉ «ዶሚሳይል» ሲል የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ሰው ቤቴ ብሎ የሚኖርበት፣ ቢሄድም የሚመለስበት ቋሚ መኖሪያ። ሐሳብ ደግሞ በዓይን አይታይም። የሚታየው ወረቀት ነው።

ይህንን ነጥብ ከምንም በላይ የሚያስረዳ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ አለ። ኮነቲከት ውስጥ አንድ ሕግ ነበር፤ ተማሪው ሲያመለክት አድራሻው ከስቴቱ ውጭ ከሆነ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ እንደ ውጭ ሰው ይቆጠራል፣ አለቀ፣ ማስረጃ አይሰማም የሚል። ከካሊፎርኒያ የመጣች ክላይን የምትባል ተማሪ የኮነቲከት ሰው አግብታ፣ የኮነቲከት መንጃ ፈቃድ አውጥታ፣ መኪናዋን እዚያው አስመዝግባ፣ ለመራጭነትም ተመዝግባ ሳለ ዩኒቨርሲቲው አሁንም የውጭ ሰው ነሽ አላት። ከኦሃዮ የመጣች ሌላ ተማሪም አብራት ከሰሰች። በ1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእነሱ ፈረደ። ፍርዱ ሁለት ነገር ይዟል፤ ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ስቴት ተማሪው ማስረጃ አቅርቦ ራሱን እንዳያስረዳ በሩን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት አይችልም። ነገር ግን እውነተኛ ነዋሪን ለመለየት ተገቢ መስፈርት ማውጣት፣ የመጠበቂያ ጊዜንም ከመስፈርቶቹ እንደ አንዱ መቁጠር ይችላል።

ለዲሲና አካባቢው ነዋሪ ይበልጥ የሚቀርበው ሌላ ጉዳይ አለ። በዓለም ባንክና በመሰል ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የሚሠሩ የውጭ ዜጎችና ቤተሰቦቻቸው ጂ-4 በሚባል ቪዛ ይኖራሉ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ልጆቻቸውን ቪዛችሁ ይህ ስለሆነ ኢን-ስቴት፣ ማለትም በነዋሪ ዋጋ የሚማሩ፣ አትሆኑም አላቸው። ልጆቹ ከሰሱ፤ ክርክሩ ሁለት ጊዜ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በመሃል የሜሪላንድ የራሱ ፍርድ ቤት የዚህ ቪዛ ባለቤት በስቴቱ ቋሚ መኖሪያ ሊመሠርት ይችላል አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ፖሊሲውን አልለወጠም። በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዩኒቨርሲቲው ላይ ፈረደ። ምክንያቱ ምን ነበር? የፌዴራል መንግሥት እዚህ መኖሪያ እንዲመሠርቱ የፈቀደላቸውን ሰዎች ስቴቱ በቪዛቸው ምክንያት ተጨማሪ ሸክም ሊጭንባቸው አይችልም የሚል ነው። ስለዚህ «ግሪን ካርድ ስለሌለኝ አይሆንልኝም» ብሎ ሳይጠይቁ ተስፋ መቁረጥ ስህተት ነው፤ ወሳኙ የቪዛው ዓይነት በሕግ ቋሚ መኖሪያ መመሥረትን ይፈቅዳል ወይ የሚለው ነው። በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ የመጣ ሰው ወደ አገሬ እመለሳለሁ ብሎ ስለገባ በአብዛኛው አይፈቀድለትም። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ተብሎ የገባ፣ ጥገኝነት የተፈቀደለት ግን እንደማንኛውም አሜሪካዊ መኖሪያ መመሥረት ይችላል።

(ፋታ)

እስካሁን ያልነውን አንዴ እንድገመው። ዋጋውን የሚለየው ዜግነት ሳይሆን የስቴት ነዋሪነት ነው። ነዋሪነት የሚለካው በሐሳብ ነው፤ ሐሳብ የሚታየው በወረቀት ነው። የኮሌጁ ሬጅስትራር ቢሮ የሚያየው ይህንን ወረቀት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ወደ አከራካሪው ቦታ ደረስን። የአንድ ዓመቱ መጠበቂያ በራሱ ያን ያህል ግፍ ነው ለማለት ይከብዳል። ግፉ ያለው ማስረጃው ላይ ነው ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱም የሚጠየቁት ወረቀቶች ሁሉ ቤት በስሙ የተከራየ፣ መኪና በስሙ የገዛ፣ ባንክ በስሙ የከፈተ ሰው የሚያገኛቸው ናቸው። አዲስ የመጣ ኢትዮጵያዊ ደግሞ እንዴት ነው የሚጀምረው? የዘመድ ቤዝመንት ውስጥ ይገባል፤ የኪራይ ውሉ የዘመዱ ነው። ኪራዩን በካሽ ይሰጣል፤ ደረሰኝ የለም። መብራቱም ውሃውም በሌላ ሰው ስም ነው። በስድስት ወሩ ጓደኛ ዘንድ ይዛወራል። ይህ ሰው ቨርጂኒያ ውስጥ እየሠራ፣ ግብር እየከፈለ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እየሄደ፣ የትም የመሄድ ሐሳብ ሳይኖረው ዓመት ይሞላዋል፤ በወረቀት ሲታይ ግን የሌለ ሰው ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ ማስረጃው ግልጽና አሳማኝ መሆን አለበት ይላል። ከዘመድ ጋር ለመኖር የተገደደ ድሃ ከባለ ኮንዶሚኒየሙ እኩል አስረዳ ሲባል ሕጉ እኩል ቢመስልም ሸክሙ እኩል አይደለም። ኮሌጆች የዘመድ የማረጋገጫ ደብዳቤን፣ ከቀጣሪ የተጻፈ ወረቀትን፣ የክሊኒክ መዝገብን ጭምር ሊመዝኑ ይገባል ስንል ምክንያታችን ይህ ነው።

ሌላም አለ። ይህንን ውሳኔ የሚሰጠው ማን ነው? ራሱ ኮሌጁ። አውት-ኦፍ-ስቴት፣ ማለትም ከስቴቱ ውጭ የመጣ ተማሪ፣ ደግሞ ለኮሌጁ ገቢ ነው። በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ከተማሪው ከግማሽ በላይ ከስቴቱ ውጭ የመጣ መሆኑን ስናይ ኮሌጆች ምን ያህል እንደሚፈልጓቸው ይገባናል። የሬጅስትራር ሠራተኞች በክፋት ይወስናሉ እያልን አይደለም፤ ብዙዎቹ ቅጹ ላይ የተጻፈውን ነው የሚያዩት። ነገር ግን ከውሳኔው የሚጠቀም አካል ራሱ ሲወስን የመጀመሪያው «አይ» የመጨረሻ መሆን የለበትም። ይግባኝ አለ፤ በቨርጂኒያ ከኮሌጁ ውስጥ ይግባኝ በኋላ ጉዳዩን ወደ አካባቢው ፍርድ ቤት መውሰድም ይቻላል። ብዙ ሰው ግን የመጀመሪያውን ደብዳቤ አንብቦ ይቀመጣል።

አሁን ሌላ ተቃውሞ እንስማ፤ ይህኛው ቡና ላይ በሰፊው የሚወራ ነው። «ምን ያስጨንቃል? አክስቴ ሜሪላንድ አለች፤ በእሷ አድራሻ ላመልክት።» አይሆንም፤ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ዕድሜው ከ24 በታች የሆነና በወላጅ የሚረዳ ተማሪ በብዙ ስቴቶች የሚቆጠረው በወላጆቹ መኖሪያ ነው። ወላጆቹ ኦሃዮ ካሉ፣ ወይም አዲስ አበባ ካሉ፣ አክስቱ ሜሪላንድ ለ30 ዓመት ብትኖር ለእሱ አትተርፍም፤ በፍርድ ቤት የተሾመች ሕጋዊ አሳዳጊ ካልሆነች በስተቀር። እንዲህ ያለ ልጅ ራሱን ችሎ የሚኖር መሆኑን፣ የራሱ ደመወዝና የራሱ የግብር ወረቀት እንዳለው ማሳየት አለበት። ሁለተኛ፣ የሐሰት አድራሻ ሲደረስበት ኮሌጁ ያለፉትን ሴሚስተሮች ልዩነት ወደ ኋላ ተመልሶ ያስከፍላል፤ የዲሲፕሊን እርምጃም ይከተላል። የዋህ የመሰለች ማጭበርበር ብዙ ታስከፍላለች።

ሳናውቀው በራሳችን ላይ የምናቀርበው ማስረጃም አለ። ኢንሹራንስ ስለሚረክስ ሜሪላንድ እየኖረ የመኪናውን ሰሌዳ የቨርጂኒያ ያደረገ ሰው ስንት ነው? ሜሪላንድ አዲስ ነዋሪ በ60 ቀን ውስጥ መኪናውንም መንጃ ፈቃዱንም እንዲያዞር ታዛለች። የነዋሪነት ቅጹ መኪናህ የት ተመዘገበ ሲል ያ ሰው በገዛ እጁ የቨርጂኒያ ነኝ ብሎ ጽፏል ማለት ነው። በኢንሹራንስ የተረፈው ጥቂት መቶ ዶላር በልጁ ትምህርት አሥር ሺዎች ያስከፍላል። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ለኪራይ ብሎ የሚዛወር ቤተሰብም ይህንን ይወቅ፤ ፖቶማክን ሲሻገር አሥራ ሁለቱ ወር እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ልጁ የሃይስኩል የመጨረሻ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሆነ ዝውውሩን በዚህም ሚዛን መመዘን ያስፈልጋል።

(ትኩረት የሚስብ አጭር ድምፅ)

ቀጥሎ የምንለውን በጥንቃቄ ስሙን። የነዋሪነት ቅጾች ለመራጭነት ተመዝግበሃል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ዜጋ ካልሆናችሁ መልሱ «አልተመዘገብኩም» ነው፤ ይህ መልስ ነዋሪነታችሁን አይጎዳም። ማስረጃ ለማብዛት ብሎ፣ ወይም መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ሳያነብ ፈርሞ፣ ለመራጭነት የተመዘገበ የግሪን ካርድ ባለቤት ግን ራሱን ዜጋ ነኝ እንዳለ ይቆጠርበታል። ይህ ዜግነትን ሊያስከለክል፣ ከአገር ሊያስወጣም የሚችል ጥፋት ነው። እንድገመው፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው ለምርጫ አይመዘገብም።

(አጭር ሙዚቃ)

«ታዲያ ዓመቱ እስኪሞላ ቁጭ እንበል?» የሚል ጥያቄ ይቀራል። የለም። እዚህ ላይ ሁለት ሰዓቶች እንዳሉ እናስታውስ፤ አንዱ የፌዴራል ነው፣ አንዱ የስቴት። በዲቪ የመጣ ሰው ግሪን ካርዱን ይዞ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ መሙላት የሚችለው ዓመት ሳይጠብቅ ነው። ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ በ2024–25 ከፍተኛው 7,395 ዶላር የነበረውን ፔል ግራንት ሊያገኝ ይችላል፤ ይህ ደግሞ የማይመለስ ገንዘብ ነው። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የነዋሪ ክፍያ በአገር አቀፍ ደረጃ በአማካይ 4,050 ዶላር ገደማ ስለነበር ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። የሜሪላንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የሚጠይቁት የቆይታ ጊዜም ከዩኒቨርሲቲዎቹ ያጠረ ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ ስደተኛ ሆነው እንደገቡ እዚያው ለሰፈሩ ሰዎች በኮሚዩኒቲ ኮሌጆቿ የዓመቱን መጠበቂያ አንስታለች። ሥራ እየሠሩ አንድ ሁለት ኮርስ መውሰድ ያለ ሥራ ሙሉ ጊዜ ከመማር በነዋሪነት በኩልም ይሻላል፤ ሥራ ያለው ሰው የመጣው ለትምህርት ብቻ አይደለም ተብሎ ለመታመን ይቀለዋል።

የዲሲ ነዋሪዎች ጉዳይ ለብቻው ነው። ዲሲ ስቴት ስላልሆነች፣ ልጆቿም እንደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ልጆች ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስለሌላቸው ኮንግረስ በ1999 አንድ ሕግ አወጣ። ዲሲታግ የሚባለው ይህ ድጎማ የዲሲ ተማሪ በሌሎች ስቴቶች የመንግሥት ኮሌጅ ሲማር በኢን-ስቴትና በአውት-ኦፍ-ስቴት መካከል ያለውን ልዩነት በከፊል ይሸፍናል፤ ለረጅም ዓመታት በዓመት እስከ 10,000 ዶላር ነበር። ማመልከቻው ግን ለብቻው ነው፤ ፋፍሳ የሞላ ሁሉ አያገኘውም። በደቡብ ስቴቶች መካከል ያለው የአካዳሚክ ኮመን ማርኬት ስምምነትም አለ። የሜሪላንድ ወይም የቨርጂኒያ ተማሪ የሚፈልገው የትምህርት ዘርፍ በስቴቱ ከሌለ በሌላ አባል ስቴት በነዋሪ ዋጋ ሊማርበት ይችላል።

ወረቀት የሌላቸው ልጆችስ? በአንዳንድ ስቴቶች መንገዱ በሃይስኩል በኩል ነው። ካሊፎርኒያ በ2001 ባወጣችው ሕግ ዋናው መስፈርት በስቴቱ ሃይስኩል ሦስት ዓመት ተምሮ መጨረስ ሆነ፤ ሜሪላንድም ተመሳሳዩን ሐሳብ በ2012 በሕዝብ ድምፅ አጽድቃለች። ነገር ግን ይህ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል ብላችሁ አትተማመኑ። ቴክሳስ በ2001 ያወጣችው መሰል ሕግ በጁን 2025 የፌዴራል መንግሥት በከሰሰበትና ስቴቱ በተስማማበት የፍርድ ቤት ውሳኔ ታግዷል። ስለዚህ ጎረቤት ከሦስት ዓመት በፊት የነገራችሁን ትታችሁ የዘንድሮውን ደንብ ከኮሌጁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ አድርጉት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይጀምራል)

ውድ አድማጮቻችን፣ የነዋሪነት ማመልከቻ የሚቀርበው ኮሌጁ እስከወሰነው ቀን ድረስ ነው፤ ቀኑ ካለፈ ዓመቱን የሞላ ሰውም ለዚያ ሴሚስተር ሙሉውን ሊከፍል ይችላል። በዚህ ሳምንት የኪራይ ውላችሁን አውጥታችሁ የማን ስም እንዳለበት እዩ። ስማችሁ ከሌለ ባለቤቱን ጠይቃችሁ አስገቡ፤ ኪራዩንም ከካሽ ይልቅ በቼክ ወይም በዜል ክፈሉ። አዲስ ዘመድ የተቀበላችሁ ደግሞ አልጋና ምግብ እንደሰጣችሁት ሁሉ ስሙንም በውላችሁ ላይ አስጽፉለት። በሚቀጥለው ሳምንት በፋፍሳ አሞላል ዙሪያ እንመለሳለን፤ ጥያቄያችሁን አዘጋጁ። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።

(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ያበቃል)